ስለ ልብስ ማጠቢያና ማድረቂያ መኪና

በአገራችን የእንዶድ ፍሬ ተወቅጦ በወንዝ ዳር ልብስ ሲታጠብበት መኖሩ የታወቀ ነው። በመኪና የማጠብ አሳብም ቢሆን የትናንት አይደለም፤ ያዕቆብ ክርስቲያን ሼፈር የተባለው የሬገንስቡርግ ሊቅ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ1767፣ በእጅ የሚዞረውን ማጠቢያ በመጽሐፍ ገልጦት ነበር። ይሁን እንጂ የኤሌክትሪክ ሞተር እስኪመጣ ድረስ ድካሙ በብዙ ቤት ከሴቶች ክንድ አልወረደም።

ከላይ የሚከፈተውን ነባር ማጠቢያ መልክ ያስያዘው በአሜሪካ፣ በአዮዋ ግዛት፣ በኒውተን ከተማ የነበረው የማይታግ ፋብሪካ ነው። በ1893 የእርሻ መሣሪያ ሊሠራ የተቋቋመው ይኸው ፋብሪካ፣ በ1922 መቅዘፊያውን ከክዳኑ አውርዶ በገንዳው ወለል ላይ ተከለው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከዚያ ወዲህ ልብሱ በውሃ ውስጥ እየተጎተተ በመጎዳት ፈንታ፣ ውሃው ራሱ በልብሱ መካከል እየተመላለሰ ያጥበው ጀመር። ማድረቂያው በ1938 ከሀሚልተን ፋብሪካ ለገበያ ወጣ፤ ፈልሳፊው ሮስ ሙር የሰሜን ዳኮታ ሰው ነበርና፣ በዚያ ብርድ እርጥብ ልብስ ከደጅ መስጣትን ቢጠላ አንፈርድበትም።

ጽኑውን መኪና ስንመርጥ እንግዲህ የቁልፎቹን ብዛት ሳይሆን፣ ሞተሩና ቺንጋው በቀላሉ ተፈትተው የሚጠገኑ መሆናቸውን፣ መለዋወጫቸውም በቅርብ መገኘቱን እንመረምራለን። የማድረቂያው አየር መውጫ ለማጽዳት የሚመች ይሁን፤ በልብስ ብናኝ ከተደፈነ እሳት እስከ ማስነሣት ይደርሳልና። ስም ብቻ አይቶ መግዛት ግን ያታልላል፤ የኒውተኑ ፋብሪካ ኩባንያውን ዊርልፑል በ2006 ከገዛው በኋላ በ2007 ተዘግቷል፤ የማይታግ ስም ግን በሌላ ስፍራ በተሠሩ መኪናዎች ላይ ተጽፎ ይሸጣል።