እያጠረ የሚያረጅ ቤት

ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከተማዋ ስሟን ያገኘችባቸውን ምንጮች፣ የአባያንና የጫሞን ሐይቆች፣ በመካከላቸውም የተጋደመውን የእግዜር ድልድይ አይቶ መመለሱ የተለመደ ነው። ይሁን እንጂ በስተሰሜን 37 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ተጉዞ ጨንቻ የሚደርሰው ጥቂቱ ነው። ጨንቻ ግን አርባ ምንጭ በ1950ዎቹ ዓ.ም. እስክትተካት ድረስ የጋሞ ጎፋ ጠቅላይ ግዛት ዋና ከተማ ነበረች።

ከ1,300 ሜትር ግድም ተነሥቶ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ የሚያደርሰው ይህ ዳገት ቀርከሃና እንሰት ወደሚበቅሉበት ወደ ዶርዜዎች አገር ያገባል። ዶርዜ በመላ ኢትዮጵያ የታወቀው በሽመናው ነው፤ በአዲስ አበባ የሽሮ ሜዳ ገበያ ለዚህ ምስክር ነው። ዳሩ ግን የሸማኔው ቤት ራሱ የተጎነጎነ ሥራ ነው።

ቀርከሃው ተሰንጥቆ ከመሬት እስከ ጫፍ እንደ ትልቅ ቅርጫት ይጎነጎናል፤ ላዩም በቀርከሃ ቅርፊትና በእንሰት ቅጠል ይለበሳል። ግድግዳና ጣሪያ ተብሎ የሚለይ ክፍል የለውም፤ ክብደቱ በአንድ ምሰሶ ላይ ሳይወድቅ በጉንጉኑ ሁሉ ይከፋፈላል። አዲስ ሲሠራ ቁመቱ እስከ 12 ሜትር ሊደርስ ይችላል። ወጣ ብሎ የሚሠራው መግቢያው የዝሆን ግንባር ይመስላል። በውስጡ የሚነደው እሳት ቤቱን ከማሞቁም ሌላ ጢሱ ቀርከሃውን ከነቀዝ ይጠብቀዋል።

የቤቱ ጠላት ከሥር የሚመጣው ምስጥና እርጥበት ነው። ግርጌው ሲበላ ባለቤቱ የተበላውን ቆርጦ ይጥላል፤ ቤቱም በዚያው ልክ ዝቅ ይላል። በመሆኑም የቤቱን ዕድሜ ከቁመቱ መገመት ይቻላል። ሥፍራ መለወጥ ሲያስፈልግም ጎረቤት ተሰብስቦ ቤቱን እንዳለ ተሸክሞ ያዛውረዋል። አንድ ቤት በዚህ ዓይነት እያጠረ ከአንድ ትውልድ በላይ ያገለግላል።

ጎረቤቱ ኮንሶ ታሪኩን በድንጋይ ስለ ገነባ፣ እርከኑና የከተሞቹ ቅጥር በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። የዶርዜ ቤት ግን ሲያልቅ ፍርስራሽ እንኳ አይተውም። ዛሬ ቆርቆሮ ክዳን በደጋው እየተስፋፋ፣ ቀርከሃውም በቀላሉ የማይገኝ እየሆነ በሄደ መጠን፣ አዲስ ቤት የሚጎነጉኑ እጆች ሥራ ይፈታሉ።

አክሱምንና ላሊበላን የሚያጠና መሐንዲስ ከሠሪዎቹ ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይቶ ቢደርስም ድንጋዩ ይጠብቀዋል። በጨንቻ ግን የሚጠብቅ ድንጋይ የለም። ስለዚህ ቀርከሃው መቼ እንደሚቆረጥ፣ እንዴት እንደሚሰነጠቅና ጉንጉኑ ከየት እንደሚጀመር፣ ሜትርና የንድፍ ወረቀት ይዞ ከሽማግሌዎቹ ዘንድ መመዝገብ የሚቻለው፣ ሠሪዎቹ በሕይወት ሳሉ ብቻ ነው።