ስምንት ለሠላሳ አምስት

መቼም ቮልስዋገንን የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. አፄ ኃይለ ሥላሴ ከቤተ መንግሥት የተወሰዱት በዚህችው ትንሽ መኪና ነው። ስለ ዙፋኑ ብዙ ተጽፏል። እኔ ዛሬ የማወጋችሁ ግን ስለ መኪናዋ፣ እሱም ከኋላ መቀመጫዋ ሥር ተደብቀው ስለሚኖሩ ሁለት ባለጥርስ ብረቶች ነው።

ጣሊያን ትቶልን ከሄደው ነገር አንዱ የጋራዥ ቋንቋ ነው። ካምቢዮ እንላለን፤ ፍሪሲዮን እንላለን። ካምቢዮው የሞተሩን ዙር እንደ መንገዱ ይቀያይራል፤ የመጨረሻውን ድርሻ የሚወስነው ግን ዲፈረንሻሉ ነው። በ1960ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በነበረችው ባለ 1200 ሲሲ ቮልስ ዲፈረንሻል ውስጥ ትንሹ ባለጥርስ 8፣ ትልቁ 35 ጥርስ አለው። ሲካፈል 4.375 ይሆናል፤ ጎማው አንድ ጊዜ እንዲዞር ትንሹ አራት ጊዜ ከሲሶ በላይ ይዞራል ማለት ነው። ባለ 1500 ሞተር ሲመጣ ፋብሪካው 8 ለ33 አደረገው። ኋላ በ1970ዎቹ ለባለ 1600ው 8 ለ31 ሰጠው። ልብ በሉ፤ ትንሹ ባለጥርስ ሁልጊዜ 8 ነው። ጥርስ የቀነሰው ትልቁ ሲሆን፣ የቀነሰውም ሞተሩ ከጎለበተ በኋላ ነው።

አሮጌ መኪና የሚያድስ ሰው ፈተና እዚህ ላይ ይጀምራል። «8 ለ31 ፈጣን ነው» ሲባል ይሰማና በ1200 ሞተሩ ላይ ያስገጥመዋል። እስቲ እናስላው። የጎማው ዙሪያ 2 ሜትር ገደማ ነው። በአራተኛ ማርሽ (0.89) በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ፣ በ8 ለ35 ሞተሩ በደቂቃ ወደ 3,245 ጊዜ ይዞራል፤ በ8 ለ31 ወደ 2,875 ይወርዳል። ጩኸት ቀነሰ፣ ሜዳው ላይ ተመቸ። ነገር ግን ሜዳ ላይ በመቶ 11 ያተረፈው ሰው ዳገት ላይ ያንኑ 11 ይከፍላል። አንደኛ ማርሽ ላይ ጎማው ጋ ይደርስ የነበረው ጉልበት 100 ከነበረ አሁን 89 ነው። አዲስ አበባ ደግሞ ከባሕር ጠለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ አየሩ ሳስቶ የሞተሩን ጉልበት አንድ አምስተኛ ያህል አስቀድሞ ወስዶበታል። እንጦጦን ሊወጣ የተነሣ ሰው ፍሪሲዮኑን ቢያቃጥል ጥፋቱ የእንጦጦ አይደለም።

ከዚህ የባሰም አለ። እ.ኤ.አ. ከ1950 እስከ 1967 የተሠራችው የቮልስ ኮምቢ ከባድ አካል ተሸክማ በደካማ ሞተር ዳገት እንድትወጣ፣ በጦርነቱ ዘመን ከነበረው ኩብልቫገን የተወሰደ ተጨማሪ ባለጥርስ በሁለቱ የኋላ ጎማዎች ላይ ተገጥሞላት ነበር። ይህ ባለጥርስ የዙሩን አቅጣጫ ስለሚገለብጥ፣ ዲፈረንሻሏ ውስጥ ያለው ትልቁ ባለጥርስ ከትንሿ ቮልስ በተቃራኒ ጎን ተቀምጧል። የኮምቢን ካምቢዮ ጠንካራ ነው ብሎ ሳያገላብጥ ትንሿ ላይ የገጠመ ሰው አራት የኋላ ማርሽና አንድ የፊት ማርሽ ያላት መኪና ባለቤት ይሆናል። ብረቱ እንከን የለበትም፤ ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ሆኖ ነው።

ሁለቱ ባለጥርሶች ፋብሪካ ውስጥ አብረው ተፈጭተው አንዱ የሌላውን ጥርስ የለመደ ጥንድ ናቸው። ከአንዱ ጥንድ ትንሹን፣ ከሌላው ትልቁን አምጥቶ የሚያጋባ ሰው ትርፉ ጩኸትና ስብርባሪ ነው። ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል የተባለው ለብረትም ይሠራል። በብዙ መኪኖች ደግሞ የፍጥነት መቁጠሪያው የሚነዳው ከካምቢዮ ነው፤ ዲፈረንሻሉ ተለውጦ እሱ ካልተስተካከለ ይዋሻል። ቮልስ ከዚህ የዳነችው ቆጣሪዋ ከፊት ግራ ጎማ ስለሚነዳ ነው።

ታዲያ ይህ ሁሉ የጋራዥ ወሬ ብቻ ነው? በ1952 ዓ.ም. የወጣውን የፍትሐ ብሔር ሕጋችንን አስታውሱ። ረቂቁን በፈረንሳይኛ ያዘጋጁት ታላቁ የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ ነበሩ። ዛሬም ድረስ የምንገለገልበት፣ በጥራቱ የሚደነቅ ሥራ ነው። አንቀጽ 3347 ግን ሕጉ የሚሸፍናቸውን ጉዳዮች በሚመለከት የነበረውን ልማድ በአንድ ብዕር ሻረ። ሽማግሌው ከዋርካው ሥር ተነሥቶ ሄደ? አልሄደም። የገበሬው ቤት ውርሱንም ካሣውንም እንደ ለመደው ሲጨርስ ኖረ። ለሜዳ የተቀረጸ ጥርስ ዳገት ላይ ሲገጠም እንዲህ ነው፤ ሞተሩ ይጮኻል፣ ጎማው ግን በራሱ ልክ ይሄዳል።

ከውጭ አታምጡ ማለቴ አይደለም። ቮልሷም፣ ካምቢዮ የሚለው ቃልም ከውጭ የመጡ ናቸው። ግን ጠንቃቃ መካኒክ ዕቃው ስንት ብር እንደሆነ ከመናገሩ በፊት ሦስት ነገር ይጠይቃል፤ ሞተሩ ስንት ሲሲ ነው? ጎማው ስንት ቁጥር ነው? መኪናው የት ነው የሚውለው? ሥርዓተ ትምህርት ስንቀይር፣ መሥሪያ ቤት ስናዋቅር፣ ሕግ ስናረቅ ሦስተኛውን ጥያቄ ሳንጠይቅ የከፈልነው የፍሪሲዮን ዋጋ ቢደመር ስንት ይሆን?