ጓኒሊል ሳይክሌዝ

ጓኒሊል ሳይክሌዝ የኢንዛይም ስም ነው። ሥራው ጂቲፒ የተባለውን ሞለኪውል ሳይክሊክ ጂኤምፒ ወደተባለ መልእክተኛ መለወጥ ነው፤ ከውጭ የመጣው ትእዛዝ ሴሉ ውስጥ የሚዳረሰው በዚህ መልእክተኛ ነው።

ልቡን ለሚያመው ሰው ከምላስ ሥር የምትደረገው የናይትሮግሊሰሪን ክኒን ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለ ጋዝ ታስገኛለች። ጋዙ በደም ሥር ጡንቻ ውስጥ ያለውን ኢንዛይም ይቀሰቅሳል፤ መልእክተኛው ይበዛል፣ የደም ሥሩ ይላላል፣ ሕመሙ በደቂቃዎች ውስጥ ይቀላል። ሐኪሞች ግን አሠራሩ ሳይገባቸው ወደ መቶ ዓመት ገደማ አዘውታል። (የዳይናማይቱ አልፍሬድ ኖቤልም ታዞለት ነበር።) ምስጢሩን የፈቱት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ በ1998 እ.ኤ.አ. የተሸለሙት ደግሞ ያንኑ የኖቤል ሽልማት ነው፤ አጋጣሚው ደስ ይላል።

በአንጀት ያለው የዚህ ኢንዛይም ዓይነት ደግሞ በቀላሉ ይታለላል። አንዳንድ የኢ.ኮላይ ባክቴሪያዎች የሚረጩት መርዝ የሰውነትን የራሱን ሆርሞን መስሎ ይጣበቅበታል፤ ሳይክሊክ ጂኤምፒ ያለልክ ይመረታል፣ ጨውና ውኃ ወደ አንጀት ይጎርፋል። ተቅማጥ ይሆናል። ሊናክሎታይድ የተባለው የሆድ ድርቀት መድኃኒት የሚሠራውም ይህንኑ ኢንዛይም ቀስቅሶ ነው።

ስኳርና ጨውን አብሮ የሚመጠው የአንጀት መንገድ ግን በመርዙ አይዘጋም። ስለዚህ ልጅ ሲያስቀምጠው ስኳርና ጨው ያለውን ኦአርኤስ በንጹሕ ውኃ በጥብጦ ማጠጣት ሳይውል ሳያድር ይጀመር።