የአሮጌ መኪና ቀለም በጣርማ በር መንገድ

አሮጌ መኪናን እንደ አዲስ ማስቀባት ከጋራዥ ሥራዎች ሁሉ ዋጋውን አስቀድሞ ለመናገር የሚያስቸግረው ነው። ሞተር የሚያወርድ መካኒክ የሚለወጠውን ዕቃ ቆጥሮ ሒሳቡን ይናገራል። ቀለም ቀቢ ግን አሮጌው ቀለም ተፍቆ ላሜራው እስኪታይ ድረስ ምን እንደሚጠብቀው አያውቅም። በበለጸጉት አገሮች የማስቀቢያው ሒሳብ አብዛኛው የሠራተኛ ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ ነገሩ ሲገለበጥ ኖሯል፤ ቀለሙ፣ ማጠንከሪያው ሃርድነር፣ ማቅጠኛው ቲነርና በላዩ የሚረጨው ግልጽ ልባስ ክሊር በውጭ ምንዛሪ ስለሚገቡ ከእጁ ይልቅ ዕቃው ይከብዳል። ያም ሆኖ ሰው ያስቀባል፤ ምክንያቱም በዚህ አገር መኪና ሲያረጅ ዋጋው እንደ ሌላው ዓለም አይወድቅም። ከአዲስ አበባ ተነስቶ በደብረ ብርሃን፣ በጣርማ በርና በደብረ ሲና አልፎ ወደ ሸዋ ሮቢት የሚወርደው መንገድ የዚህን ሙያ ታሪክ ለመከተል ይመቻል። መንገዱ ከተሠራ ጀምሮ የጭነት መኪና መንገድ ነው፤ በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥም ከደጋ ወደ ቆላ ያወርዳል፤ ለቀለም ደግሞ አየሩ ብዙ ነገር ነው።

ወደ ኢትዮጵያ የመጀመሪያው አውቶሞቢል የገባው በ1900 ዓ.ም. ነው። ቤንትሊ የተባለ እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ ድረስ አምጥቶ ለዳግማዊ አፄ ምኒልክ አቀረበው። የዚያ ዘመን መኪና ልክ እንደ ፈረስ ሠረገላ በብሩሽ የሚቀባ ነበር። ቫርኒሹ ተደራርቦ እስኪደርቅ ሳምንታት ይፈጅ ስለነበር በፋብሪካዎቹ ራሳቸው ሥራው የሚዘገየው ቀለሙ ላይ ነበር። ይህ የተለወጠው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ በአሜሪካ ናይትሮ የሚባለው ቶሎ የሚደርቅ ቀለም በአየር ግፊት መረጨት ሲጀምር ነው። ሳምንታት ወደ ሰዓታት ወረዱ፤ ባለቀለም መኪናም ለብዙ ሰው የሚገዛ ሆነ።

ያ ለውጥ በሚካሄድበት ጊዜ መንገዳችን የሚያልፍበት የኢፋት አገር ገና በግመልና በበቅሎ ነበር። ከቆላው ወገን የሚመጣው ሸቀጥ በአልዩ አምባ ገበያ ይራገፍና ዳገቱን በበቅሎና በአህያ ይወጣ ነበር። ለመኪና የሚሆነው መንገድ የተሠራው በጣሊያን ወረራ ዘመን፣ ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ነው። አዲስ አበባን በደሴ በኩል ከአስመራ ጋር ለማገናኘት የተዘረጋው ይህ መንገድ ጣርማ በር ላይ ሲደርስ ተራራውን ሰንጥቆ ያልፋል። ከባሕር ወለል ከ3 ሺህ ሜትር በላይ የተቆፈረው ዋሻ ርዝመቱ 587 ሜትር ነው። ከዋሻው ወጥቶ ወደ ደብረ ሲና የሚወርደው ጠመዝማዛ እስከ ዛሬ የሾፌር መፈተኛ ነው። ረጅሙን ቁልቁለት ፍሬን ይዞ የሚወርድ ጭነት መኪና ፍሬኑ ስለሚግል የቸርኬው ቀለም ከሌላው አካል ቀድሞ ይቃጠላል።

ከነጻነት በኋላ ሁሉም ጣሊያን ወደ አገሩ አልተመለሰም። በመካኒክነት፣ በላሜራ ሥራና በቀለም ቅብ የሚተዳደሩ ብዙዎች በአዲስ አበባና በአስመራ ቀርተው ጋራዥ ከፈቱ። ኢትዮጵያውያን ወጣቶች በረዳትነት ገብተው ሙያውን ተማሩ። በአዲስ አበባ የተከፈተው የተግባረ እድ ትምህርት ቤት መካኒክ ቢያወጣም ቀለም ቀቢነት ግን በአመዛኙ ከጌታ ወደ ረዳት በእጅ የሚተላለፍ ሙያ ሆኖ ቀረ። ፓራፋንጎው፣ ኮፈኑና ስፖንዳው የጣሊያንኛ ስማቸውን ይዘው የወረዱት ከዚያ ዘመን ነው። ስቱኮውም እንዲሁ። የላሜራውን ጉድጓድ የሚሞላው ይህ ልጥፍ ዛሬም ከቀለሙ የበለጠ ጠብ የሚነሣበት ነገር ነው።

በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ማብቂያ የደብረ ሲና መንገድ ደርቶ የሚውል ነበር። የአዋሽ–ሚሌ መንገድ ከመከፈቱ በፊት ከአሰብ ወደብ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣው ዕቃ በኮምቦልቻ፣ በሸዋ ሮቢትና በጣርማ በር በኩል ነበር የሚያልፈው። የመንገዱ ንጉሥ ፊያት 682፣ በሰው አፍ ኤንትሬ የሚባለው ነው። በ1962 ዓ.ም. የተቋቋመው አምቼ የፊያት ጭነት መኪኖችን አዲስ አበባ ላይ መገጣጠም ሲጀምር መኪናውም ዕቃውም በአገር ውስጥ ይገኝ ጀመር። ለኤንትሬ ባለቤት ቀለም ጌጥ ብቻ አልነበረም። ካቢናው ዝናብና ጨው ሲበላው ብየዳ ይጠይቃል፤ ብየዳ ደግሞ መኪናውን ከሥራ ያስቆማል። ስለዚህ ባለንብረቱ ሲያስቀባ የሚያስበው ለቀለሙ ከሚከፍለው ይልቅ መኪናው ጋራዥ ቆሞ የሚያሳልፈውን ጭነት ነው። የእንጨት ስፖንዳው በብሩሽ፣ ካቢናው በስፕሬይ፣ ጽሑፉና ሥዕሉ ደግሞ በሥዕል አዋቂ ይሠራ ነበር። በገጠር መንገድ ሰው ይጭን የነበረው ላንድሮቨር ግን ከዚህ ጣጣ ነጻ ነው፤ ቆዳው አሉሚኒየም ስለሆነ ቀለሙ ቢላጥም አይዝግም። ባለቤቶቹ ለዓመታት ሳያስቀቡት መኖራቸው ከስስት አይቆጠርም።

የናይትሮ ቀለም ጠባይ ከጣርማ በር አየር ጋር አይስማማም። በናይትሮ ውስጥ ያለው ቲነር በጣም ፈጥኖ ስለሚተን የተቀባውን ላሜራ ያቀዘቅዘዋል። በዙሪያው ያለው አየር በጉም የረጠበ ከሆነ በቀዘቀዘው ላሜራ ላይ ጠል ይወርድና ቀለሙ ውስጥ ይታሰራል፤ ጥቁሩ መኪና ሲደርቅ ወተት የፈሰሰበት ይመስላል። ደብረ ሲና ደግሞ ጉሙ ከቆላው ወጥቶ ገደሉ ላይ የሚያርፍባት ከተማ ናት። ፀሐይ ወጥታ ጉሙ ሳይገለጥ የረጨ ሰው ሥራውን ሁለት ጊዜ ይሠራል፤ ሁለተኛውን የሚከፍለው ደግሞ ራሱ ነው። በሸዋ ሮቢት ነገሩ ተቃራኒ ነው። ከተማዋ የምትገኘው ከጣርማ በር ወደ 1,800 ሜትር ያህል ዝቅ ብላ ነው፤ በቀኑ ሙቀት ቲነሩ ላሜራው ላይ ከማረፉ በፊት አየር ላይ ይተንና ቀለሙ እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሻካራ ይሆናል። በዚያ የሚሠራ ሰው ቀስ ብሎ የሚተን ቲነር መምረጥ፣ ማለዳ መነሣትና ከአቧራ መከለል አለበት። አንድ ዓይነት ቀለም በሁለቱ ከተሞች አንድ ዓይነት ዋጋ የማያወጣበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

በደርግ ዘመን አንድ ዶላር በ2 ብር ከ07 ሳንቲም ታስሮ ቢቆይም የውጭ ምንዛሪው በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም። የግል መኪና ማስገባት ከባድ ስለነበር ያለችው ቮልስ፣ ፔጆና ፊያት ተጠግና ተቀብታ እንድትኖር ተገደደች። ጋራዦች በተገኘው ቀለም ይሠሩ ነበር፤ ለቤትና ለበር የተሠራ የዘይት ቀለም መኪና ላይ ማየት ያልተለመደ አልነበረም። እንዲህ ያለው ቀለም ቶሎ አይደርቅም፤ ፀሐይ ላይም ይነጣል። በከፍታ ቦታ የሚበረታው ፀሐይ ደግሞ ቀይ ቀለምን ከሁሉ አስቀድሞ ያደበዝዘዋል። የአዲስ አበባ ታክሲዎች ሰማያዊና ነጭ መሆናቸው ግን ለቀለም ቀቢው የማያቋርጥ ገበያ ከፈተለት። ከግል ወደ ታክሲ የሚዞር መኪና መቀባት አለበት፤ ከታክሲ ወደ ግል የሚመለሰውም እንደገና መቀባት አለበት። ላዳ ታክሲዎች ሥራ ላይ በቆዩበት ረጅም ዘመን ስንት ጊዜ እንደተቀቡ የሚያሳየው በበራቸው ጠርዝ ላይ የተደራረበው የቀለም ውፍረት ነው።

በመስከረም 1985 ዓ.ም. ዶላር ከ2 ብር ከ07 ወደ 5 ብር ሲወጣ ከውጭ የሚገባው ቀለም ዋጋ በአንድ ጊዜ ዘለለ። ነገር ግን ገበያውም ተከፈተ። ያገለገሉ ቶዮታዎች፣ በተለይ ዲኤክስ የሚባለው ኮሮላ፣ እንዲሁም የታክሲ ሚኒባሶች በብዛት ገቡ። ከእነሱም ጋር በሃርድነር የሚጠነክረው ቀለምና ቤዝ ከክሊር ጋር የሚረጭበት ዘዴ መጣ። አይሱዙ የመንገዱን ጭነት ከኤንትሬ ተረከበ፤ በአይሱዙ ሻንሲ ላይ ላሜራ ተቀጥቅጦ የሚሠራው ቅጥቅጥ አውቶብስም በዚሁ መንገድ ተሳፋሪ ያመላልስ ጀመር። ቅጥቅጥን የሚሠራው እጅና አሮጌ መኪናን የሚያድሰው እጅ አንድ ነው፤ የላሜራና የቀለም ባለሙያው ከምንም በላይ የተስፋፋው በዚህ ሥራ ነው።

በዛሬ ጋራዥ የማስቀባት ውል በሁለት መንገድ ይያዛል። አንዱ ዕቃውንም ሥራውንም ጋራዡ የሚችልበት ነው። ሁለተኛው ባለመኪናው ቀለሙን ራሱ ገዝቶ፣ አብዛኛውን ጊዜ ከመርካቶ፣ ለባለሙያው የእጁን ብቻ የሚከፍልበት ነው። ሁለተኛው የሚረክስ ይመስላል፤ እውነቱ ግን ቲነርና ብርጭቆ ወረቀት ባለቀ ቁጥር ባለመኪናው ይጠራል። በየትኛውም መንገድ የሥራው ቅደም ተከተል አይለወጥም። መጀመሪያ መብራት፣ እጀታ፣ ጎሚኒና ጌጥ ይፈታል፤ ይህን ሳይፈታ በፕላስተርና በጋዜጣ ብቻ ሸፍኖ የሚረጭ ጋራዥ ርካሽ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ቀጥሎ ላሜራው ይቀጠቀጣል፤ የበሰበሰው ተቆርጦ ይበየዳል። ስቱኮ ይለጠፍና በ80 ቁጥር ወረቀት ይፈገፈጋል፤ ከዚያ 180፣ 320 እያለ ወረቀቱ ይለሰልሳል። አንቲረስትና መነሻ ቀለም ይረጫል፤ በ600 ወይም በ800 ቁጥር በውኃ ይታሻል። ከዚህ በኋላ ብቻ ነው ዋናው ቀለም የሚመጣው። ለአንድ ትንሽ የቤት መኪና ውጭውን ብቻ ለመቀባት ከሦስት እስከ አራት ሊትር የሚደርስ ቤዝና ሁለት ሊትር ያህል ክሊር ይበቃል። የበር ውስጡ፣ የኮፈን ሥሩና የሻንጣ ማስቀመጫው ይቀባ ከተባለ ዕቃውም ጊዜውም ይጨምራል፤ ቀለሙ ሙሉ በሙሉ ሲለወጥ ደግሞ ይህ ግድ ነው።

ማድረቂያ ምድጃ ያለው ጋራዥ በ60 ዲግሪ ሙቀት ግማሽ ሰዓት አድርቆ ያስረክባል። ምድጃ የሌለው ማታውን ያሳድረዋል፤ በደብረ ብርሃንና በጣርማ በር ብርድ አንድ ሌሊት አይበቃም፤ ቀለሙ እስኪጠነክር ቀናት ሊወስድ ይችላል። በዚህ መሐል የሚበር ነፍሳትና አቧራ የሚያርፍበት ክሊር በ1,500 እና በ2,000 ቁጥር ወረቀት ታሽቶ በፓስታ ይወለወላል። ሃርድነሩ ውስጥ ያለው ኬሚካል ሳንባን ይጎዳል፤ አስም ማስያዙም የታወቀ ነው። ፊትን በሻሽ ሸፍኖ መርጨት ከአቧራ እንጂ ከዚህ ትነት አያድንም፤ የትክክለኛው ጭምብል ዋጋ ግን በብዙ ጋራዥ ሒሳብ ውስጥ አይገባም።

ወጪውን የሚሸከመው ባለመኪናው ራሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 559/2000 ግዴታ የሆነው የሦስተኛ ወገን መድን የራስን መኪና ቀለም አይመለከትም፤ ለአሮጌ መኪና ሙሉ መድን የሚገባም ጥቂት ነው። በሽያጭ ጊዜ ደግሞ ደላላው መኪናውን በጣት ኳ ኳ እያደረገ፣ አንዳንዴም ማግኔት እያስጠጋ ይፈትሻል፤ ማግኔቱ ካልያዘ ከሥሩ ስቱኮ አለ ማለት ነው። ለዚህ ነው ቀለሟ ያልተነካ ደብዛዛ መኪና በቅርቡ ከተቀባች የምታብለጨልጭ መኪና የበለጠ የምታወጣው። ለመሸጥ ብሎ ማስቀባት ብዙ ጊዜ ያከስራል፤ ለመንዳት ማስቀባት ግን ዝገቱን ስለሚያቆም ያዋጣል።

ቅርብ ጊዜ የሆኑት ነገሮች ሒሳቡን ይበልጥ ወደ አሮጌው መኪና አዘነበሉት። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ያገለገሉ መኪኖች ላይ ዕድሜያቸው በጨመረ መጠን ከባድ ግብር ጣለ። በኅዳር 2014 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ሸዋ ሮቢትንና ደብረ ሲናን ሲያካልል መንገዱ ተዘጋ። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተከለከለ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ ለገበያ ሲለቀቅ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የቀለሙ ዋጋ ጨመረ፤ የመኪናው ዋጋ ግን ከቀለሙ የበለጠ ስለጨመረ ማስቀባት አሁንም ከመለወጥ ይረክሳል። ቀለሙን ሙሉ በሙሉ የሚለውጥ ባለመኪና አንድ ነገር አስቀድሞ ይጨርስ፦ የመኪናው ቀለም በሊብሬው ላይ የተመዘገበ ነውና ጋራዥ ከመግባቱ በፊት ወደ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ጎራ ይበል።