አዳሪና ተመላላሽ፦ የካፑቺኖች ትምህርት በካፋ

የካቶሊክ ትምህርት ቤት ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው ሕንፃውን፣ ደወሉንና የደንብ ልብሱን ነው። በዚህ ዐይን የካፋን ታሪክ የሚፈትሽ ሰው የካፑቺን መነኮሳት ቦንጋ ደርሰው ተባረሩ እንጂ ትምህርት ቤት አላቆሙም ብሎ ሊደመድም ይችላል። ድምዳሜው የተቻኮለ ይመስለኛል። በአገሬው ሰው ዘንድ አቡነ ማስያስ የሚባሉት የካፑቺኖቹ ጳጳስ ጉልዬልሞ ማሳያ ካፋ የቆዩት ከጥቅምት 1859 እስከ ነሐሴ 1861 ነው (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። በዚያ ሁለት ዓመት ባልሞላ ጊዜ ቤታቸው አዳሪ ትምህርት ቤት ነበር። መምህሩ ሲባረሩ ሥራቸውን ያተረፈው ይኸው አዳሪነት ነው፤ ትምህርቱን ከአገሬው ጋር ሳያዛምድ ያስቀረውም እሱ ነው።

ነገሩ የተፈጸመበትን አገር እናስታውስ። ካፋ በጥልቅ ቦይና በተጠበቀ በር የታጠረ፣ ታቶ በሚባል ንጉሥ የሚገዛ መንግሥት ነበር፤ ያለ ንጉሡ ፈቃድ መግባትም መውጣትም አይቻልም። ቦንጋ ግን የንግድ ከተማ ነበረች፤ ፈረንሳዊው አንቷን ዳባዲ በ1843 የደረሰባት የነጋዴን መንገድ ተከትሎ ነው። ከዕቃው ጋር ሰውም ይሸጥ ነበር። ማሳያ በ1855 አስቀድመው የላኳቸው አባ ቼዛሬ ካፋ ውስጥ ሚስት አገቡ። ይህ ድርጊት ለመነኮሳቱ ትልቅ ውርደት ነበር፤ ለእኔ ግን ሌላም ነገር ያሳየኛል። አንድ መምህር ለብቻው፣ ያለ ማኅበርና ያለ ሥርዓት፣ በማያውቀው አገር ምንኩስናውን ጠብቆ መኖር ከብዶታል። ማሳያ ራሳቸው ሲመጡ ሰባኪ ከመሆን አልፈው ደቀ መዛሙርት የሚኖሩበት፣ በሰዓት የሚጸለይበትና የሚጠናበት ቤት ማቆም የነበረባቸው ለዚህ ነው።

አዳሪነት ራሱ ለኢትዮጵያ እንግዳ ነገር አይደለም። የቆሎ ተማሪ ከወላጆቹ ርቆ፣ በመምህሩ ደጅ ጎጆ ቀልሶ፣ ዓመታት ሲማር ኖሯል። ልዩነቱ ያለው እንጀራው ላይ ነው። የቆሎ ተማሪ አኩፋዳውን አንግቶ በየደጁ ይለምናል፤ ቁራሹን የሚሰጡት የመንደሩ እናቶች ናቸው። ስለዚህ ከቤቱ ቢርቅም ከሕዝብ አይርቅም፤ መንደሩም ተማሪውን የራሱ ያደርገዋል። የመነኮሳቱ ተማሪ የሚበላው ግን ከሚሲዮኑ ጎተራ ነው፤ ጎተራውን ደግሞ በአብዛኛው የሚሞላው ከአውሮፓ ምእመናን የሚመጣ ምጽዋት ነው። ልጁ ደኅና ይማራል፤ ጎረቤቱ ግን ስለ ትምህርቱ የሚከፍለው ምንም ስለሌለ የሚከላከልለትም ምክንያት የለውም። በ1861 የማባረር ትእዛዙ ሲወጣ ያን ቤት በጽናት የሚሟገትለት መንደር አለመኖሩ አይገርምም።

ሆኖም ቤቱ ፈርሶ አልቀረም። ማሳያ ከሄዱ በኋላ በካፋ የቀሩትን ምእመናን የያዙት በማሳያ እጅ የተማሩ ኢትዮጵያውያን ካህናት ናቸው። መንግሥቱ በ1897 በራስ ወልደ ጊዮርጊስ ጦር ሲወድቅና ታቶ ጋኪ ሸሮቾ ሲማረክ አገሩ ተናወጠ። ከዚያ በኋላ በ1913 ቅድስት መንበር የደቡብ ካፋን አገልግሎት ለኮንሶላታ ማኅበር ሰጠች፤ የማኅበሩ ሚሲዮናውያን እነ ባርላሲና በነጋዴ ስም የገቡበት መሬት የማሳያ ስምና ትዝታ ቀድሞ የተዘራበት ነበር። በሐረርም እንዲሁ ነው። ማሳያ ቀድሞ በመሩት መንበር ሥር በካፑቺኖች እጅ ያደጉት አባ ሳሙኤል ወልደ ካህን የራስ መኮንንን ልጅ ተፈሪን አስተማሩ። ደቀ መዝሙሩ መምህር ይሆናል፤ የአዳሪ ቤት ፍሬ እንዲህ ነው የሚለካው።

በዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ከደቀ መዛሙርቱ አንዳንዶቹ ከባሪያ ገበያ የተገዙ ሕፃናት ነበሩ፤ የተገዛ ልጅ «ተማሪ ነኝ» የሚለው በማን ፈቃድ ነው? ጥያቄው ትክክል ነው። መግዛቱ ልጁን ከባርነት ማውጣቱ እውነት ቢሆንም፣ እናትና አባቱን ግን አልመለሰለትም፤ ሃይማኖቱን የመረጠለትም ሌላ ሰው ነው። ከባርነት ነጻ ወጥቶ በስዊድን ሚሲዮን ያደገው ኦኔሲሞስ ነሲብ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 ማሳተሙ ከእንዲህ ዓይነት ልጅነት ታላቅ ሊቅ ሊወጣ እንደሚችል ያሳያል፤ የብዙዎቹን ዝምታ ግን አይሽረውም። ስለ ካፋ ቤት አብዝቶ የሚነግረን ምንጭም የመምህሩ ድምፅ ነው፦ ማሳያ በ1885 እና በ1895 መካከል የታተመውን ባለ 12 ቅጽ ትዝታቸውን የጻፉት ከአገር ከወጡ በኋላ ነው። ልጆቹ የጻፉት እንዲህ ያለ መጽሐፍ የለም። ታሪኩን ስናነብ ይህን ጉድለት ይዘን ማንበብ አለብን።

ሌላው ተቃውሞ መነኮሳቱ የፈለጉት አማኝ እንጂ የተማረ ሰው አልነበረም የሚል ነው። ዓላማቸው በእርግጥ ሃይማኖት ነበር። ነገር ግን በአገራችን የአብነት ትምህርት ቤትም ሆነ የቁርኣን ትምህርት ቤት ከሃይማኖት ተለይቶ የኖረበት ዘመን ጥቂት ነው፤ ፊደሉ፣ ቋንቋውና የንባብ ልማዱ የተላለፉት በዚያው መንገድ ነው። ማሳያ በ1867 በፓሪስ ያሳተሙት የአማርኛና የኦሮምኛ ሰዋስውም ለሚሲዮናውያን የተዘጋጀ ቢሆንም ለቋንቋዎቹ ጥናት የተረፈ ሥራ ነው። በ1944 የወጣው የሚሲዮን ደንብ የማስተማሪያውን ቋንቋ አማርኛ አድርጎ ሥራውን በመንግሥት ቁጥጥር ሥር ሲያስገባ፣ የሚሲዮን ትምህርት የመነኮሳቱ የግል ቤት ጉዳይ ብቻ ሆኖ መቆየቱ አበቃ።

ስለዚህ ዛሬ በጅማና ቦንጋ ሐዋርያዊ መንበር ሥር ስለሚሰጥ ትምህርት የሚያስብ ሰው የመጀመሪያውን ቤት ትርፍና ጉድለት አብሮ ሊያይ ይገባዋል። አዳሪው ልጅ ጊዜና ጸጥታ አግኝቶ ይበስላል። ተመላላሹ ደግሞ ማታ ማታ ወደ እናቱ ጎጆ ሲመለስ ትምህርቱን ይዞ ይገባል፤ በማግሥቱም የቤቱን ቋንቋና ጥያቄ ይዞ ወደ ክፍሉ ይመጣል። የካፑቺኖቹ ቤት የመጀመሪያው ነበረው፤ ሁለተኛው ጎደለው። ለትምህርት ቤት ጠበቃ የሚሆነው ልጁን በየማለዳው ቁርስ አብልቶ የሚልክ ጎረቤት ነው።