የሞቃዲሾ ዝምታ

ጦርነት ስለሚያፈርሰው ከተማና ስለሚፈጀው ሕዝብ ብዙ ተጽፏል። ጦርነትና አክራሪነት ተጋግዘው የአንድን ሕዝብ ዜማና ልማድ እንዴት እንደሚለውጡ ግን እምብዛም ስንነጋገር አይሰማም። ለዚህ ከጎረቤታችን ከሶማሊያ የቀረበ ምስክር አላገኘሁም። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የሶማሌ ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ በቃል ግጥሙ የታወቀ ነው። ጠብ የሚጫረውም ዕርቅ የሚወርደውም በግጥም ነበር። ቋንቋው በይፋ ፊደል ያገኘው በ1972 መሆኑን ስናስታውስ፣ ለዚህ ሕዝብ ግጥምና ዜማ ቤተ መዛግብቱም ጭምር እንደነበሩ እንረዳለን። በ1967 የተከፈተው የሞቃዲሾ ብሔራዊ ቲያትርም፣ «ዋበሪ» የተባለው ዝነኛ የኪነት ቡድንም የቆሙት በዚህ መሠረት ላይ ነው።

ማፍረሱን የጀመሩት አክራሪዎቹ አልነበሩም። በ1988 ራሱን ሶሻሊስት ብሎ የሚጠራው የሲያድ ባሬ መንግሥት ሐርጌሳን በቦምብ ሲደበድብ፣ አውሮፕላኖቹ የሚነሡት ከዚያችው ከተማ አውሮፕላን ማረፊያ ነበር። የሬዲዮ ሐርጌሳ የዘፈን ክሮችና ካሴቶች ከጥፋት እንዲተርፉ ከፊሎቹ መሬት ውስጥ ተቀበሩ፤ ከፊሎቹም ወደ ጅቡቲና ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። በ1991 መንግሥቱ ሲወድቅ የሞቃዲሾው ቲያትር ተዘጋ፤ ድምፃዊውም በየአገሩ ተበተነ። አክራሪነት የገባው ባለቤቱ ጥሎት በተሰደደ ቤት ነው።

እዚህ ላይ የእኛም እጅ አለበት። የኢትዮጵያ ጦር በ2006 መጨረሻ ሶማሊያ ገብቶ በ2009 መጀመሪያ ወጣ። የእስልምና ፍርድ ቤቶች ኅብረት የወጣት ክንፍ የነበረው አል-ሸባብ፣ ደቡብ ሶማሊያን የሚገዛ ኃይል ወደ መሆን የተሸጋገረው በእነዚያው ዓመታት፣ «የውጭ ወራሪን እንዋጋ» በሚል ጥሪ ነው። የዘመቻውን ደጋፊዎች ይህ ቅር ሊያሰኛቸው ይችላል፤ ቅደም ተከተሉ ግን ይኸው ነው።

ሚያዝያ 2010 ላይ ሒዝቡል ኢስላም የተባለው ሌላው ታጣቂ ቡድን የሞቃዲሾ ሬዲዮ ጣቢያዎች ሙዚቃ እንዲያቆሙ የቀን ገደብ ሰጠ። አብዛኞቹ ታዘዙ። ለፕሮግራም መሸጋገሪያ ያገለግል በነበረው ዜማ ምትክ የተኩስ፣ የመኪናና የእንስሳት ድምፅ አሰሙ። መንግሥት በበኩሉ ሙዚቃ ያቆመ ጣቢያ እንደሚዘጋ አስታወቀ! በዚያው ወር አል-ሸባብ በጆሀር ከተማ የትምህርት ቤት ደወል የቤተ ክርስቲያን ደወል ይመስላል ብሎ ከለከለ።

ከዘፈኑ እገዳ ይልቅ እኔን የሚያሳስበኝ የሱፊዎቹ ዕጣ ነው። በሶማሊያ እስልምና ለዘመናት በዚክር፣ በዚያራና በደጋግ ሼኮች መታሰቢያ የደመቀ ነበር። የባሌውን ሼክ ሁሴን ዚያራ ለምናውቅ ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። አል-ሸባብ ከ2008 ጀምሮ የሼኮቹን መቃብር ማፍረስ ሲይዝ፣ የሱፊ ተከታዮቹ «አሕሉ ሱና ወልጀማዓ» በሚል ስም ጠመንጃ አነሡ። መቁጠሪያ የያዘ እጅ ቃታ መሳብ ለመደ። መቃብሩ እንደገና ሊገነባ ይችላል፤ በሰላማዊነቱ ይታወቅ የነበረው ማኅበረሰብ ግን አንድ ጊዜ ታጣቂ ሆኗል፣ ልጆቹም ያወቁት ያንን ነው። አክራሪነት ያልማረከውን ሰው እንኳ በራሱ መልክ የሚቀርጸው በዚህ መንገድ ይመስለኛል።

አል-ሸባብ በ2011 ከሞቃዲሾ ለቀቀ። ብሔራዊ ቲያትሩ በ2012 በሩን ከፈተ፤ በሳምንታት ውስጥም አጥፍቶ ጠፊ ገብቶበት የኦሊምፒክ ኮሚቴውንና የእግር ኳስ ፌዴሬሽኑን ፕሬዚዳንቶች ገደለ። በዚያ አዳራሽ ከሠላሳ ዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የታየው በመስከረም 2021 ነው። ሁለቱንም አጫጭር ፊልሞች የሠራው ሶማሌ ነበር። የመግቢያው ዋጋ 10 ዶላር ሲሆን፣ ተመልካቹ ወንበሩ ላይ እስኪደርስ ድረስ ብዙ የፍተሻ ኬላዎችን ማለፍ ነበረበት።