ጣት የሚያውቀው ቁልፍ

ባለፈው ሰሞን በስልክ የጠራነው ታክሲ ከመገናኛ ወደ ቦሌ ሲወስደን፣ ሾፌሩ ካርታውን ለማጉላት ስክሪኑን ሦስት ጊዜ ነካ፤ ሦስቴም ሳተ። በአራተኛው እሱ ፍሬን ያዘ፣ እኛ ትንፋሻችንን። ችግሩ አዲስ ይመስላችኋል? አርባ ዓመት ሆኖታል እኮ!

እ.ኤ.አ. በ1985 ኢታክ የተባለ የካሊፎርኒያ ኩባንያ መኪና ውስጥ የሚገጠም የካርታ መሣሪያ መሸጥ ጀመረ። ከሳተላይት ጋር አይገናኝም። የጎማውን መሽከርከር እየቆጠረ፣ ኮምፓስ እያየ ነው ያላችሁበትን የሚገምተው። ካርታው የሚጫነው በካሴት ነው (አዎ፣ በካሴት!)። ማዘዣው ግን በስክሪኑ ዳር የተደረደሩ ቁልፎች ነበሩ። በማግስቱ ዓመት ጄኔራል ሞተርስ ቡዊክ ሪቪዬራ ላይ በጣት የሚነካ ስክሪን ገጠመ። ሬዲዮ ለመቀየር ዓይናችንን ከመንገድ እያነሳን ነው የሚል ወቀሳ በዛና ጥቂት ዓመት ቆይቶ ስክሪኑ ተነሳ።

ትምህርቱ ግን ተረሳ። አሜሪካ ለሲቪሎች የምትለቀውን የጂፒኤስ ምልክት ሆን ብላ ማዛባቷን በ2000 ስታቆም፣ አይፓክን የመሰሉ የእጅ ኮምፒውተሮች መኪና ውስጥ ገቡ። እነዚህ ወንበር ላይ ተረጋግቶ በቀጭን ዘንግ ስክሪን ለሚነካ ነጋዴ የተሠሩ ናቸው። መሪ ይዞ በዘንግ ካርታ መውጋት ምን እንደሚመስል እናንተው አስቡት። ደግነቱ ከስክሪኑ ሥር አራት ቁልፎች ነበሩ። ለቀን መቁጠሪያና ለስልክ ማውጫ የተሰጡ ቢሆኑም ባለቤቱ ሥራቸውን መቀየር ይችላል። አንዱን ለማጉላት፣ አንዱን ለማሳነስ፣ አንዱን የአቅጣጫውን ድምፅ ለማስደገም፤ ለሾፌር ከዚህ በላይ ምን ያስፈልገዋል? ቁልፍ ጠርዝ አለው፣ ጣት በዳበሳ ያገኘዋል፣ ሲጫኑትም እሺ እንዳለ ይታወቃል። መስታወት ይህን ሁሉ የሚጠይቀው ከዓይን ነው።

ከዚያ ቶምቶም ጎ በ2004፣ አይፎን በ2007 መጡና ቁልፉ ቀረ። አንድ መስታወት ሁሉን ከሠራ ለአምራቹ ይረክሰዋል፤ እኛም አብረን አጨበጨብን።

በ2022 ቪ ቢላጋሬ የተባለ የስዊድን የመኪና መጽሔት ነገሩን በሜትር ለካው። በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር እየነዱ አራት ቀላል ሥራ መሥራት፣ ቁልፍ በሞላት የ2005 ቮልቮ 10 ሰከንድ ወሰደ፤ 306 ሜትር ማለት ነው። በስክሪን ከሚታዘዙት መጨረሻ የወጣው ኤምጂ ማርቨል አር 44.9 ሰከንድ ፈጀ፤ 1,372 ሜትር! ዩሮ ኤንካፕ የተባለው የአውሮፓ የደኅንነት መዛኝ ደግሞ ከ2026 ጀምሮ አምስት ኮከብ ለሚሻ መኪና ፍሬቻ፣ የአደጋ መብራት፣ ጥሩንባ፣ የዝናብ መጥረጊያና የድንገተኛ ጥሪ በእጅ የሚጨበጥ ማዘዣ እንዲኖራቸው ይፈልጋል። ካርታ በዝርዝሩ የለም።

የሾፌራችን ስልክ በጎኑ ሁለት ቁልፎች ነበሩት። «ካርታውን በነዚህ ማጉላት አይቻልም?» አልነው። «ሞክሬው አላውቅም» አለና ስልኩን ወደ እኛ አቀበለን። ቦሌ እስክንደርስ ካርታውን ያጎላነው እኛ ነን።